ግማሹ ሣር ይቆይ

ጳጉሜን ከገባ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ከሞጣ ወደ ቢቸና የተሳፈርንባት ሚኒባስ ከተማው ለመታየት ጥቂት ሲቀረው ጭቃ ውስጥ ገባችና እንቢ አለች። ሾፌሩ ወርዶ ጎማውን በእርግጫ መታው፤ ረዳቱም ደገመው፤ ጎማው ግን ከሁለቱም ይልቅ ትዕግሥተኛ ኖሮ ንቅንቅ አላለም። "ውረዱና ግፉ" ሲባል ከተሳፋሪው ግማሹ ገፋ፣ ግማሹ መካሪ ሆነ። እኔ ከመካሪዎቹ ወገን ነበርሁ። ሃያ ዓመት ያስተማረ ሰው ሌላ ምን ይሆናል?

"መምህር እዮብ፣ እዚህ ቆመን ከምንበሰብስ በእግራችን ብንሄድ አይሻልም?" የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ።

ዞር ስል ንጋት ናት። ሞጣ ባዮሎጂ ሳስተምር ተማሪዬ ነበረች። ኋላ ወንበር ተቀምጣ ደወል ሲቃረብ ጥያቄ የምታነሳ፣ እኔንም ጓደኞቿንም ምሳ የምታስረፍድ ልጅ ነበረች። ከዚያ በኋላ ቴክኒክና ሙያ ገብታ፣ የሥራ ፈጠራ ሥልጠና ወስዳ፣ ከስድስት ጓደኞቿ ጋር የስፌት ማኅበር ማቋቋሟን ሰምቻለሁ። ሞሰብና አገልግል ይሰፋሉ። ማኅበሩ ሊፈርስ መቃረቡን ግን የሰማሁት ገና እሷው በመንገድ ላይ ስትነግረኝ ነው።

"ገዢ አጣችሁ?" አልኋት።

"ገዢስ ሞልቷል። ያጣነው ሣር ነው።"

ሳቅሁ። በክረምት ማብቂያ፣ ግራ ቀኙ ለምለም በሆነበት መንገድ ላይ፣ በጎጃም መሬት ሣር አጣሁ የሚል ሰው ቢገጥማችሁ እናንተም ትስቃላችሁ። ንጋት አልሳቀችም። የስፌት ሣር ያገኙት ሁሉ ሣር አይደለም ብላ አስረዳችኝ። የሞሰብ ውስጡ አክርማ ነው፤ አክርማውን እየጠቀለለ፣ ቀለም እየገባ መልክ የሚሰጠው ስንደዶ ነው። ስንደዶ ደግሞ ማሳ ድንበርና ጨፌ ዳር ይበቅል ነበር። ድንበሩም ታረሰ፣ ጨፌውም ታረሰ፤ የተረፈውን ሴቱ ሁሉ ሳያብብ ተሽቀዳድሞ ይነቅለዋል። ከጓደኞቿ ሁለቱ ተስፋ ቆርጠው ከማዳበሪያ ከረጢት በተተለተለ ላስቲክ መስፋት ጀምረዋል። አንዷ ፓስፖርት አውጥታ ወደ አረብ አገር ልትሄድ ተነሥታለች።

"አንችስ?"

"እኔም ፎርሙን ሞልቼ ቦርሳዬ ውስጥ ይዠዋለሁ" አለች፤ "የመጣሁት አክስቴን እትየ በዛብሽን ልለምን ነው። እንቢ ካሉኝ መስቀልን እዚህ አልውልም።"

አሁን ሳቄ ጠፋ። ንጋት እንዲያው ለማስፈራራት የምትናገር ልጅ አይደለችም።

እትየ በዛብሽን ቢቸና ዙሪያ የማያውቃቸው የለም። ስፌታቸው የታወቀ ነው፤ ከስፌታቸውም የሞሰብ መነሻቸው። መነሻ የሚሉት ሞሰቡን ሁሉ የሚሸከመውን የመጀመሪያውን ጥብቅ እምብርት ነው። እምብርቱ ከላላ ሞሰቡ ዘንበል ይላል። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ሣሯን ይዛ ወደሳቸው ትመጣለች፤ እሳቸው ጓዳ ገብተው በሩን ዘግተው መነሻውን ጀምረው ያወጡላታል፤ እሷ ወስዳ ትቀጥላለች። አጀማመሩን ለሰው አሳይተው አያውቁም። ለወለዷት ልጃቸው እንኳ አላሳዩም። ሙያ ከታየ ይሸሻል ባይ ናቸው።

የከተማው መግቢያ ላይ ስንደርስ ቤታቸው ድረስ መሄድ እንኳ አላስፈለገንም። ከአባታቸው በወረሱት፣ ማረሻ ባልነካው ቁራጭ ጨፌ ላይ ጎንበስ ብለው ስንደዶ ሲነቅሉ አገኘናቸው። የጨፌውን አንድ ወገን የአጋም ቁጥቋጦ አጥሮታል። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ የነቀሉትን በክንዳቸው ታቅፈው፣ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ወደኛ ተመለከቱ።

"እንደምን ዋሉ እትየ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ንጋት ነሽ? በዚህ ጭቃ ምን እግር ጣለሽ ልጀ? እኒህስ ጌታ ማናቸው?"

"መምህሬ ናቸው።"

"መምህር! የቅኔ ናቸው የዜማ?"

"የባዮሎጂ ነኝ እትየ" አልሁ፤ "ስለ ሣር፣ ስለ ዛፍ፣ ስለ እንስሳት ነው የማስተምረው።"

"እሰይ! ለሣርም መምህር ተቀጠረለት" አሉና እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ጨበጡኝ።

ንጋት ነገር ማዞር አትወድም። "እትየ፣ የመጣሁት ዘንድሮ ከዚህ ስንደዶ ግማሹን እንዳይነቅሉት ልለምንዎ ነው" አለች።

እትየ በዛብሽ መጀመሪያ የሰሙትን አላመኑም። ሲያምኑ ሳቁ። "የስፌት ማኅበር አለኝ ትያለሽ፤ ሣር አትንቀሉ ትያለሽ። ወፍጮ ቤት ከፍቶ እህል አትፍጩ ማለት አይደለም?"

"እህሉ እንዳያልቅ ነው። ይህ ግማሹ ሳይነቀል ቢቆይ እስከ ኅዳር ዘሩን ያራግፋል። በመጪው ሐምሌ ደግሞ ከጉቶው ጥቂት ጥቂት ገምሰን ሞጣ ወስደን እንተክለዋለን። ከተማው የተሸረሸረ ተዳፋት ሰጥቶናል፤ ለእህል አይሆንም ተብሎ የተተወ ነው።"

"ትተክሉታላችሁ?"

"አዎ።"

"ጤፍ ሲዘራ አይቻለሁ። ጌሾ ሲተከል አይቻለሁ። ሣር ተካይ ግን ዛሬ ገና ማየቴ ነው። ልጀ፣ ሣር የእግዚአብሔር ነው። አብቃዩ እሱ፣ ነቃዩ እኛ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ አሉ፤ አንቺ የዘንድሮውን ጥለሽ የከርሞውን ታልሚያለሽ።"

እኔም ጊዜው የኔ መሰለኝና ስለ ዘር፣ ስለ ሥርና ስለ አፈር ማስረዳት ጀመርሁ። ለዐሥራ አንደኛ ክፍል የምሰጠውን ትምህርት አሳምሬ አቀረብሁት። እትየ በዛብሽ በትዕግሥት እስከ መጨረሻው ሰሙኝና "ይበሉ እዚያ ድንጋይ ላይ ዐረፍ ይበሉ ጌታው፤ ደክሞዎታል" አሉኝ። ተቀመጥሁ።

ከዚያ ወደ ንጋት ዞሩ። ድምፃቸው ከቅድሙ ዝቅ ብሎ ነበር።

"ስሚ። የልጅ ልጄ ሃና በጥር ትዳራለች። ለእናቷ ስትዳር ሞሰብ ሰፍቸላታለሁ፤ ለሷም ገና በእቅፌ ሳለች ቃል ገብቻለሁ። ዓይኔ እየከዳኝ ነው፤ ቅድም አንችንም በድምፅሽ ነው ያወቅሁሽ። ከዚህ በኋላ ሌላ ሞሰብ አልሰፋም። ግማሹን ሣር ከተውሁ የሃናን ሞሰብ በምን ልሰፋው ነው? በከረጢት ላስቲክ? ደግሞስ እኔ የተውሁትን የጎረቤት ልጅ ነገ ጧት መጥታ ትነቅለዋለች። ለማን ብየ ነው የምተወው?"

እውነቱን ልናገርና በዚያች ሰዓት እትየ በዛብሽ ረቱ ብየ ነበር። ለልጅ ልጅ የተገባ ቃል ቀላል ነገር አይደለም። እኛ የተማርን ሰዎች ሌላውን መሥዋዕት ክፈል ስንል ምን እንደሚያጣ ሳንጠይቅ ነው፤ ብዙ መልካም ምክር የሚወድቀው በዚህ ነው። ንጋት ግን ያልጠበቅሁትን አደረገች። ከመከራከር ይልቅ ጥፋቷን ተናገረች።

"እትየ፣ ሥልጠና ላይ ዕቅድ መጻፍ አስተማሩኝ። ገዢ መፈለግ፣ ሰው ፊት ቆሞ ሥራን ማስረዳት አስተማሩኝ። ሰርተፊኬትም ሰጡኝ።"

"ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" አሉ እትየ በዛብሽ።

"ልክ ነዎት፤ ወረቀቱ ሣር አላበቀለም። እኔ ያየሁት ከሞሰቡ ወደ ገበያው ያለውን መንገድ ብቻ ነው። ከሞሰቡ ወደ ኋላ፣ ወደ ሣሩ የሚወስደውን አላየሁትም። አምና ባሕር ዳር ያለ አንድ ሆቴል ብዙ አገልግል አዘዘን። አቅማችንን ሳንመዝን እሺ አልን። ሌላ ሰው ሳይቀድመን ብለን የሞጣን ዙሪያ ስንደዶ ገና በነሐሴ ለጋውን ነቅለን ጨረስነው። አገልግሉ ወር ሳይሞላው ተሰነጣጠቀና ሆቴሉ መለሰው። ዘንድሮ ቦታው ላይ ስሄድ ደግሞ እዚህም እዚያም አንዳንድ ሰበዝ ነው ያለው፤ ለአንድ ሌማት አይበቃም። ስግብግብነቴ አስሮ ገረፈኝ።"

"በነሐሴ?" እትየ በዛብሽ ክንዳቸው ላይ ያለውን ነዶ ጠበቅ አደረጉት። "ለጋውን? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች! ለጋ ስንደዶ ሲደርቅ ይሰበራል እኮ። አያቴ ነፍሷን ይማረውና የሩፋኤል ጠበል ሳይነካው ማንንም እጅ አታስነካም ነበር። በሩፋኤል የዘነበው ዝናብ ካራሰው በኋላ ነው የምንነቅል።"

"ዛሬ ስንት ነው እትየ?"

ሩፋኤል ጳጉሜን ሦስት ነው። እኛ የቆምነው ጳጉሜን ሁለት ላይ ነው። የነቀሉት ነዶ በክንዳቸው ላይ አለ።

"አንድ ቀን ምን አላት" አሉ ቀስ ብለው።

"አምናስ መቼ ነቀሉት?"

"አምና... በፍልሰታ ፍቺ ሰሞን ነው መሰለኝ። ምን ላድርግ? የጎረቤት ልጆች እንዳይቀድሙኝ ብየ ነው።"

"እነሱም የሚቸኩሉት እርስዎ እንዳይቀድሟቸው ብለው ነው።"

እትየ በዛብሽ ነዶውን መሬት ላይ አኖሩት። ንጋትም ረታሁ ብላ አልገፋቻቸውም፤ ክንዳቸውን ይዛ ወደ አጋሙ ወሰደቻቸው። "እዚህ ሥር ይዳስሱ" አለቻቸው።

አሮጊቷ እጃቸውን በእሾሁ መካከል ቀስ አድርገው አስገቡ። ስንደዶው ከአጋሙ ሥር ጥቅጥቅ ብሎ፣ ከሌላው በእጥፍ ረዝሞ ቆሟል። ከጉቶ እስከ ጫፍ ዳሰሱት። አንዱን ሰበዝ በሁለት ጣታቸው መካከል አሽከረከሩት፤ እንደዚያ ሲያደርጉ ፊታቸው የገበያ ቀን ሸማ እንደሚመርጥ ሰው ሆነ። "ይኸ ነው ስንደዶ" አሉ። "የልጅነቴ ስንደዶ ይኸ ነበር። እዚህ አፈሩ ይለያላ።"

ያን ጊዜ ነው እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠቀምሁት። ከድንጋዩ ተነሥቼ ከአጋሙ ሥር አንድ ጭብጥ፣ ከተነቀለው ቦታ አንድ ጭብጥ አፈር አምጥቼ በሁለት መዳፋቸው አኖርሁላቸው። ሃምሳ ዓመት ሣር የመረጡ ጣቶች አይሸወዱም። አንዱን ፈተጉ፤ ሌላውን ፈተጉ።

"አንድ ነው" አሉ።

"አንድ ነው" አልሁ። በሕይወቴ ካስተማርሁት ትምህርት ሁሉ ይህ አጭሩ ነው፤ የሠመረውም ይህ ነው።

"እንግዲያ እዚህ ያማረበት ምንድን ነው?"

"እጅ አልደረሰበትም እትየ" አለች ንጋት። "እሾሁ ጠበቀው። ዘሩን እያራገፈ፣ እየተተካ ኖረ።"

እትየ በዛብሽ አፈሩን አራግፈው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ካፊያ መጣል ጀምሮ ነበር፤ ማናችንም ለመጠለል አልተነሣንም። በመጨረሻ "እሾህ ያወቀውን እኔ ሳላውቀው ኖርሁ?" አሉ። አዘንሁላቸው። በሽምግልና ዕድሜ የገዛ እጅን ጥፋት ማየት ከባድ ነው፤ ብዙ ሰው እንዳያይ ብሎ ዓይኑን ይጨፍናል። እኒህ ሴት ግን የደከመ ዓይናቸውን አልጨፈኑትም።

"እሺ፣ ግማሹን ተውሁት እንበል" አሉ። "ጎረቤትስ? ቀን ከሌት ዘብ ልቁም?"

እኔ አጥር ይታጠር፣ ቀበሌ ይነገር ልል አፌን ስከፍት አሮጊቷ ቀደሙኝ። ፊታቸው ላይ ፈገግታ መጣ።

"እሰይ! ለካ እኔም እሾህ አለኝ" አሉ። "የዚህ ሰፈር ሴት ሁሉ መነሻ የምታስጀምረው በኔ ነው። ነገ ሩፋኤል ጠበል ላይ ሁሉም ይሰበሰባሉ፤ እነግራቸዋለሁ። ከሩፋኤል በፊት የነቀለች፣ ወይም በየዓመቱ ተራ በተራ የሚከለለውን ግማሽ የነካች፣ መነሻ አልጀምርላትም። ወስፌዋን ይዛ ቁጭ ትበል!"

ንጋት ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። ቀና ስትል ግን "የሃና ሞሰብስ?" አለች። እኔ ብሆን በዚያ ሰዓት አላነሣውም ነበር፤ የምፈልገውን አግኝቻለሁና። እሷ ግን ሌላው የሚያጣውን ሳትረሳ መቆየቷን ሳይ በተማሪዬ ኮራሁ።

"ያንሳላ። ምን ይደረግ" አሉ እትየ በዛብሽ። አንገታቸውን ደፉ።

"አያንስም። ከካቻምናው የተረፈን ጥቂት ደኅና ስንደዶ አለ። ገላውን እርስዎ ይስፉት፤ ክዳኑን እኛ ሞጣ ሰፍተን እናመጣለን።"

"ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም። ክዳኑ ከገላው ካልገጠመ ሞሰብ አይባልም። ለመግጠም የኔን አጀማመር ማወቅ አለባችሁ፤ እኔ ደግሞ..." ብለው ቆም አሉ። ጓዳቸውን፣ የሚዘጉትን በር ያሰቡ መሰለኝ። ከዚያም "ዓይኔ ጨርሶ ሳይጠፋ ይዘሻቸው ነይ" አሉ። "ለሰባታችሁም አሳያለሁ። ሙያየን ከኔ ጋር ቢቀብሩት ለምስጥ ምን ይጠቅመዋል?"

አንባቢዬ የሥራ ፈጠራ ሲባል ገንዘብና ድፍረት ብቻ የሚታየው ከሆነ ያን ቀን ጨፌው ላይ አብሮን መዋል ነበረበት። እኔ ከሁለቱ ሴቶች የተማርሁት ሌላ ነው። ጥሬ ዕቃው ዛሬ ከየት እንደመጣና ነገ ከየት እንደሚመጣ የማያይ ነጋዴ ዓይን ቢኖረውም ዕውር ነው። ጥፋቱን በሰው ፊት መናገር የማይችል ሰው ጥፋቱን ይደግመዋል። የሚለምነው ሰው ምን እንደሚያጣ የማያውቅ አይደመጥም፤ ቢደመጥም አይታመንም። ጎረቤት ካልተስማማ አንድ ሰው ብቻውን የሚጠብቀው ሣር የለም። ሙያም እንደ ስንደዶው ነው፤ ዘሩን ካላራገፈ አይተካም። ይህን ሁሉ ማንኛውም ሥልጠና ቢያስተምረው ደስ ይለኛል። ግን አንዳንዱ ትምህርት የሚገኘው ከሠልጣኙ ጎን አንዲት አሮጊት ስትቀመጥ ነው፤ አሮጊቷም የምትሰማው ወጣቷ ስታከብራት ነው።

ሃና በጥር ተዳረች። ሞሰቧን አይቸዋለሁ። ክዳኑን ሰባት እጅ ሰፍቶት ገላውን የሰፋው አንድ እጅ ነው ቢባል ማንም አያምንም። የክዳኑ ቀለም በአንድ በኩል ትንሽ ደመቅ ይላል፤ ንጋት ታፍርበታለች፤ ሃና ግን ያን ወገን ወደ እንግዳ አዙራ ነው የምታስቀምጠው።

በቀጣዩ ሐምሌ የሞጣው ተዳፋት ላይ ስንደዶ ተተከለ። ያለፈ ያገደመ ሁሉ "ሣር ተካዮች" እያለ ሳቀ። በዓመቱ ሳቁ ቀነሰ፤ አፈሩ በጎርፍ መሄዱን አቁሞ ነበርና የግርጌው ገበሬ መጥቶ አመስግኗቸዋል። ላስቲክ የጀመሩት ሁለቱ ከሃና ክዳን ሥራ ጀምሮ ተመልሰው ቀሩ። ፓስፖርት ያወጣችው ግን ከሠርጉ በኋላ ሄዳለች፤ ሁሉን መመለስ አይቻልም። ያው ሆቴል እንደገና ሲያዛቸው ንጋት "ከዚህ በላይ ዘንድሮ አንችልም፤ የከርሞውን እንነጋገር" አለችው። ገዢው ተቆጣ፤ በሁለተኛው ሳምንት የተባለውን ያህል ተቀብሎ ሄደ። ያን የአረብ አገር ፎርም ምን እንዳደረገችው ጠይቄአት "ስንደዶ አስሬበታለሁ" አለችኝ።

በሦስተኛው ዓመት በሩፋኤል ዕለት ቢቸና ወርጄ ነበር። እትየ በዛብሽ ዓይናቸው ጨርሶ ጠፍቶ በዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። የሰፈሩ ሴቶች እጃቸውን አጣጥፈው በጨፌው ዳር ይጠብቃሉ። ዝናቡ መጣ፤ ስንደዶውን አራሰው። አሮጊቷ በመዳፋቸው ጥቂት ተቀብለው ፊታቸውን አበሱና "አሁን ንቀሉ" አሉ። ሴቶቹ የዘንድሮ ተራ ወደ ሆነው ግማሽ ገቡ፤ ወደ ሌላው ያለፈች አንዲት አልነበረችም።

"መምህር" አሉኝ እትየ በዛብሽ፣ ድምፄን ወደ ሰሙበት ዞረው፤ "እስቲ እርስዎ ይዩልኝ። ያ አጋሙ ሥር ያለው አሁንም ከሌላው ይበልጣል?"

አየሁ። ከአጋሙ ሥር እስከ ጨፌው ጫፍ ድረስ ደጋግሜ አየሁ።

"አይበልጥም እትየ" አልኋቸው። "እኩል ሆኗል።"

"ተመስገን" አሉና እዚያው ሰው ፊት መነሻ ሊጀምሩ ወስፌ እንዲያቀብሏቸው እጃቸውን ዘረጉ።